የማኅበሩን ቢሮ በር ያስነቀለችው ዘሀራ

ዛሬ ማለዳ ተደውሎ «ዘሀራ አረፈች» ሲሉኝ «የትኛዋ ዘሀራ?» አልኩ። ሌላ ዘሀራ የማውቅ ይመስል! የደወለችልኝም ገብቷት ማልቀስ ጀመረች። ያኔ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት።

ባለፈው ጁምዓ ደሴ ሆስፒታል ሄጄ አይቻታለሁ እኮ። ኩላሊቷ ታሞ ፊቷ አብጧል፤ ግን ትስቃለች። «ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ አለኝ። ያን ሁሉ ብሎኬት ስሸከም የት ነበር?» ብላ አስቃ ነው የሸኘችኝ። አሁን ምን ብዬ ልመን?

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ዘሀራ ሐይቅ ከተማ የሕንፃ ሥራ ላይ አብራኝ የሠራች የቀን ሠራተኛ ናት። ብሎኬት ተሸክመናል፣ አሸዋ ነፍተናል፣ ሲሚንቶ አቡክተናል።

እዚያ የሠራተኛ ማኅበር ነበረን። አሠሪው ሲበድለን ይከራከሩልናል ብለን የመረጥናቸው ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ግን ከሴቶቹ ሌላ ነገር ነበር የሚፈልጉት። ሰው ሲቀነስ ማን እንደሚቀር ከአሠሪው ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው። አንዷን ለብቻዋ ቢሮ ይጠሯታል፤ በሩ ይዘጋል። እምቢ ያለች በማግስቱ የላይኛው ፎቅ ድረስ ብሎኬት ስታወጣ ትውላለች፣ ወይ «ሰነፍ ናት» ተብላ ትባረራለች። ለማን ይነገራል? አቤቱታ ተቀባዮቹ ራሳቸው ናቸው!

የኔም ተራ ደረሰ። ሊቀመንበሩ «ስትወጪ ቢሮ ብቅ በይ» አለኝ። አሸዋ መንፋቱን ትቼ ስቆም ዘሀራ አየችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠራኝ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቀሚሷን አራገፈች፣ ሻርቧን አስተካከለችና «አብሽሪ፤ እኔም እግር አለኝ» አለችኝ።

አብረን ገባን። ሰውየው ተቆጣ። «እሷን ብቻ ነው የጠራሁት!»

«አውቃለሁ ወንድሜ። እኔ አጃቢ ነኝ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሩን ሊዘጋ ሲነሳ «ተወው፣ ክፍት ይሁን፤ ሙቀቱ አይቻልም» አለችው። የጥቅምት ብርድ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት ሰዓት ነው እኮ! ሰውየው የማይረባ ነገር ተንተባትቦ አሰናበተን።

ከዚያ ሁላችንም ለመድነው። አንዷ ስትጠራ ሌላዋ አካፋዋን ጣል ታደርግና «እኔም እግር አለኝ» እያለች ትከተላታለች።

ጊዜው አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ የሚልበት ነበር። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ሊቀመንበራችንም ስለ ለውጥ ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ ዘሀራ እጇን አወጣች።

«አሠሪው ሲበድለን እናንተ ታስጥሉናላችሁ ብለን ነው የመረጥናችሁ። ከእናንተስ ማን ያስጥለን?»

የማንንም ሴት ስም ሳታነሳ ቢሮው ውስጥ የሚደረገውን አንድ በአንድ ተናገረች። ጸሐፊው ሳቀባት። «ባል የሌላት ሴት ወሬ!»

«ባሌ ሞቷል። አፌ አልሞተም» አለችው።

ብዙም ሳይቆይ አባረሯት። እሷ ግን ከግቢው በር ፊት ለፊት ድንች እየቀቀለች መሸጥ ጀመረች። ከሥራ ስንወጣ እሷ ዘንድ እንቆማለን፤ የተጠራችውም ያለቀሰችውም እዚያ ትናገራለች። ቀስ በቀስ ወንዶቹም መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ግንበኛው ጋሽ ሰይድ «ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ ሳናውቅ?» አለ።

«ሳትጠይቁ» አለችው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሥራው ቆመ፣ ሰው ተበተነ። እኔና ዘሀራ ልጇን ሐያትን ይዘን በእግር ደሴ ገባን፤ ደሴም አላስቀመጠችን፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ደረስን። እዚያም አላረፈችም፤ ልጃገረዶቹ ለብቻቸው ውሃ እንዳይወርዱ እያጣመረች ትልካቸው ነበር። ስታለቅስ ያየኋት እዚያ ብቻ ነው። «የሐይቁ ነፋስ ናፈቀኝ» አለችኝና ፊቷን በሻርቧ ሸፈነች።

ስንመለስ የሕንፃው በርና መስኮት ተነቅሎ ተወስዷል። የማኅበሩ ቢሮ በር ግን፣ ምን ጉድ እንደሆነ እንጃ፣ በቦታው አለ። ሥራው ሲጀመር ዘሀራም ተመልሳ ተቀጠረች፤ የማኅበሩም ምርጫ ደረሰ። ጋሽ ሰይድ ተነስቶ «ለሊቀመንበርነት ዘሀራን ጠቁሜያለሁ» አለ። የወንዱም የሴቱም እጅ ወጣ። የድሮው ሊቀመንበር ቆጠራው ሳያልቅ ጥሎ ሄደ።

የመጀመሪያ ሥራዋ ምን መሰላችሁ? የቢሮውን በር ማስነቀል! «ሌባ የረሳውን እኛ እንጨርሰው» አለች። ጋሽ ሰይድ ነቀለላትና በጆንያ ተጋርዶ ለኖረው ለሴቶች ልብስ መቀየሪያ ገጠመው። በዚያ ቀን ከውስጥ ቆልፈን እንዴት እንደሳቅን!

የድሮው ሊቀመንበርና ጸሐፊው እስካሁን አልተፈረደባቸውም፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ግን ሁለት ሴቶች ከስሰዋቸዋል። ፖሊስ ጣቢያ ያደረሰቻቸው እሷ ናት፣ ያውም ታማ።

ዛሬ ከዙሁር በኋላ ቀበርናት። ለቅሶው ላይ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ስሟን ስትጠየቅ እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት። «በእሷ ቦታ ሰው ሲመረጥ እኔ እቀርባለሁ» አለችኝ። እንባዬን ጠርጌ አየኋት። የምሯን ነው።

ዘሀራዬ፣ እታለሜ፣ ስለ ሐያት አታስቢ፤ እኔ ጋ ናት። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። እኔም በበኩሌ ግሸን ስወጣ ስምሽን ለእመቤቴ እነግርልሻለሁ። እሷም ሴት ናት፤ ታውቅሻለች። ደህና ሁኝልኝ።