የዳኘውን ሞተር የበየዱት ቀን

«ዳኘው ቀበጠ፤ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ አዲስ ነገር ሥራ ሲሉት እምቢ ይላል» እያላችሁ የምታወሩትን ሰምቻለሁ። በወሬ የሚበልጠኝ የለም፤ ጀልባ ከሚቆምበት ዳር ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጥ ሰው ምን ያመልጠዋል? ግን ወሬም ወግ አለው። ምን እምቢ እንዳሰኘው ሳታውቁ አፋችሁን አትክፈቱ!

ዳኘው የይፋግ ልጅ ነው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረና እዚህ ባሕር ዳር ጋራዥ ገባ። ሞተር ሲያዳምጥ የካቻቢቴውን አንድ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስቱ አገርነሽ «እኔንማ እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅ!» ትላለች።

የሙሔን ጀልባ የሚጠግን እሱ ነበር። ሙሔ ነጋዴ ነው፤ ከቆላ ድባ ገበያ የወጣውን እህል ከጎርጎራ ጭኖ እዚህ ያራግፋል። ያኔ በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሆነና ሰውዬው ራሱን ያዘ።

«ዳኜ፣ ወላሂ ይቺ ጀልባ ከልጆቼ ይበልጥ ትጠጣለች!»

«ልጆችህም ቤንዚን ጀመሩ?»

«ሳቅ አንተ! ነገ ሐይቅ መካከል ስትቆም በእጅህ ትቀዝፋታለህ።»

እንግዲህ እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሞተርም ይተነፍሳል። ቫልቮላ የሚሏቸው ትንንሽ ክዳኖች አሉት፤ አንዱ ቤንዚንና አየር ያስገባል፣ አንዱ ጭሱን ያስወጣል። የሚከፍታቸው እብጠት እብጠት ያለው ዘንግ ነው፤ ሲዞር እብጠቱ ይገፋቸዋል። ታዲያ ዘንጉ የሚያውቀው አንድ አከፋፈት ብቻ ነው። ጀልባዋ ብታዘግምም ብትሮጥም ያው። ሰው ተኝቶም አቀበት ሲወጣም እኩል ቢተነፍስ ይሆናል? ዳኘውን እንቅልፍ የነሳው ይኼ ነው።

ከተሰባበሩ ዘንጎች አንድ ዘንግ አበጀ። ለእያንዳንዱ ቫልቮላ ሁለት እብጠት ጎን ለጎን፤ አጭሩ ለዝግታ፣ ረጅሙ ለሩጫ። ቫልቮላው ከአንዱ ወደ አንዱ እንዲሻገር መካከላቸውን ተዳፋት አድርጎ ሞረደው። ከውጭ እጀታ አወጣለት፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ዘንጉ ተንሸራቶ ሞተሩ በአጭሩ ይሠራል፣ ወደ ፊት ሲገፉት በረጅሙ። በጋውን ሙሉ ሲሞርድ ባጀ። አንዱ ተሰበረበት፣ አንዱ ሲንሸራተት ነክሶ አልላቀቅ አለው። እጁ ከግራሶ ስለማይለይ የምታጎርሰው አገርነሽ ነበረች።

ሲሳካለትማ! ጀልባዋ ከዳር ስትነሳ ዳዊት እንደምትደግም ድመት ሆነች። መካከል ላይ እጀታውን ሲገፋላት ሽምጥ ትጋልባለች። ቤንዚኑም ተረፈ። ሙሔ ዳኘውን አቅፎ ሳመው፤ ግራሶው ነጭ ጀለቢያው ላይ ታተመ።

ከዚያ ያ መዓተኛ መጣ። አባቱ ያወጡለት ስም ተክለ ጊዮርጊስ ነው፤ ካድሬ ሲሆን ጊዮርጊስን ጥሎ ጓድ ተክሌ ሆነ። ጣቱን ሰማይ ላይ ሰቅሎ፣ ድምፁን ከሆዱ ጎትቶ፦

«ይህ የሰፊው ሕዝብ የፈጠራ ውጤት፣ በአብዮታችን አሥረኛ ዓመት በዓል፣ በመኪና ተጭኖ፣ ያለምንም ማቅማማት በክብር እንግዶች ፊት ያልፋል!»

«ጓድ፣ ሞተሩ ከወጣ እኮ ጀልባዋ ትቆማለች፤ የሰው እህል አለባት» አለው ዳኘው።

«ጀልባ ትቁም፤ አብዮት አይቆምም!»

ወሰዱት። ቀይ ቀለም ለቀለቁትና መኪና ላይ ሰቀሉት። በበዓሉ ዋዜማ እኔንም ቀበሌ ለሰልፍ ልምምድ አስወጥቶኝ ስለነበር በዓይኔ ነው ያየሁት። መኪናው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር እጀታው ሸርተት እያለ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጓድ ተክሌ ፊቱ ከሞተሩ ይበልጥ ቀላ።

«ለምንድን ነው ወደ ኋላ የሚለው?»

«ሥራው ነው ጓድ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይላል» አለ ዳኘው።

«በእንግዶች ፊት ወደ ኋላ? በያጅ ጥሩ!»

ዳኘው ዘሎ መኪናው ላይ ወጣ። «ኧረ በመድኃኔዓለም! በሽቦ ልሰረው፣ በገመድ ልሰረው!»

«በገመድ የታሰረ አብዮት አይተህ ታውቃለህ?»

ሁለት ታጣቂዎች ብብቱን ይዘው አወረዱት። ዓይኑ እያየ እጀታውን ወደ ፊት እንደተገፋ በየዱት። በጋውን ሙሉ እጁ እስኪላጥ የሞረደውን! የቀለጠው ብረት ወደ ውስጥ ፈሶ ዘንጉ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት አጣበቀው። በማግስቱ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቤ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ሞተሩን እንደ ሬሳ ዳር ላይ ጣሉለት። እስቲ ብሎ ጀልባዋ ላይ ገጠመው፤ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች። ዘንጉን ለማላቀቅ ቢመታው ለሁለት ተሰበረ። ዳኘው ስብርባሪውን ታቅፎ ተቀመጠ። ሙሔም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ውኃውን ሲያይ ዋለ። ሲመሽ ዳኘው ተነሣና የድሮውን ዘንግ መለሰላት።

ታዲያ ኅዳር ላይ ያ ሰውዬ ሳያፍር መጣላችሁ! ዳኘው የወፍጮ ሞተር ሥር ተጋድሞ ነበር።

«ጓድ ዳኘው! ሥራህ ከላይ ተወዷል። ለክፍለ ሀገሩ ሌላ እንድትሠራ ተወስኗል!»

ዳኘው ቀና እንኳ አላለም። «የበየደው ሰው ይሥራላችሁ።»

«ምን አልክ?»

«ብየዳ አይደል የምትወዱ? እሱ ይሥራላችሁ። እኔ አልሠራም።»

ቀበሌ ወስደው ቆለፉበት። በየጠዋቱ «ትሠራለህ?» ይሉታል፤ «አልሠራም» ይላል። አገርነሽ ስንቅ ይዛ ስትሄድ ዘበኛው አላስገባ ብሎ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው። አገሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«በሩንም በይዱታ! ይኼም እጀታ አለው! እሱም ወደ ኋላ ይላል!»

ጥምቀት ሲደርስ ለቀቁት። ወፍጮ ይጠግናል፣ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ያቺን ዘንግ ግን ሙሔ ለምኖትም አልሠራት። «ወንድሜ፣ ለአንተ ብሠራት እነሱ ይወስዷታል» አለው። ደርግ ሄደ፣ ዛሬም ሥራት ሲሉት እሱ እዚያው ቃሉ ላይ ነው። አሁን ሂዱና ቀበጠ በሉት!