የኤደኑ የጀልባ ውድድር

ጎባ አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእረፍት ባሕር ተሻግሬ ኤደን፣ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ግን ስነሳ አደራ ጨመሩበት። ያን ዓመት ሳል ይዟቸው ከአልጋ አላስነሳ ብሏቸው ነበር። እጄን ይዘው፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እህትህን ከነልጇ አምጣልኝ። ሳላያቸው እንዳልሄድ" አሉኝ።

እህቴን ያገባት ጎባ ገበያ አጠገብ ሱቅ የነበረው የመናዊ ነው። አማርኛውም ኦሮምኛውም እንደኛው ነበር። ሱቁ አልሆን ሲለው ኤደን ወደብ ሥራ አገኘና ይዟት ሄደ። ሴት ልጅ መውለዳቸውን የሰማነው እዚያ ከገቡ በኋላ ነው። አባቴ ለልጅቷ ከሲናና በግ ጠጉር ትንሽዬ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አሠርተው አስያዙኝ፤ ለዚያ አገር ሙቀት ባና እንደማይሆን ማን ይንገራቸው።

እህቴ ከስታ ጠበቀችኝ። ባናውን ተቀብላ አሸተተችው፤ አጣጥፋም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

"ልጅቷስ?" አልኳት።

"ሙቀቱ ስላስቸገራት ደጋ ካባቷ እናት ዘንድ ናት።"

ጡት ያልጣለች ልጅ ከእናቷ መለየቷ ግር አለኝ። አገር ቤት እንሂድ ስላት "እሱን ጠይቀው" ትላለች፤ እሱን ስጠይቀው "እንነጋገራለን" ይላል። የከለከላት እሱ ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት።

አንድ ዓርብ የወደቡ ሠራተኞች ለጨዋታ ያህል የጀልባ ውድድር አዘጋጁ። ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ፣ በሸራ የሚሄዱ ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው። የእህቴ ባል ጓደኛ ታሞ ቀረ።

"ና፣ አንተ ግባ" አለኝ።

"ዋና እኮ አልችልም!"

"ማን ዋኝ አለህ? ጀልባዋ ወዲህ ስታጋድል ወዲያ መቀመጥ ነው።"

እኔ ሱሪዬን ሰብስቤ ከምሻገረው ወንዝ በቀር ውሃ አላውቅም፤ ከጅቡቲ በመርከብ ስሻገር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ግን እህቴ ዳር ቆማ ፍርሃቴን አይታ ፈገግ አለች። ከመጣሁ ወዲህ ፈገግታዋን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ገባሁ።

ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ቀይ በርሜል ዞሮ መመለስ ነው ጨዋታው። ፊሽካው ሲነፋ ነፋሱ ሸራችንን ወጠረው፤ ጀልባዋ ተወረወረች፤ ሳላስበው ሳቅኩ። በርሜሉ ጋ ሳንደርስ ግን ነፋሱ ቀጥ አለ። ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ከጀልባ ጀልባ መቀላለድ ጀመረ።

"ለምንድነው የምትከለክላት?" አልኩት። "አባቴ እየደከሙ ነው።"

መሪውን እንደያዘ ወደ ዳር፣ እህቴ ወደቆመችበት አየ። "እኔ አልከለከልኳትም" አለኝ። "ልጅቷ የለችም። ከረመዳን በፊት ትኩሳት ወሰዳት። እዚህ ነው የቀበርናት። እሷን ጥዬ አገሬ አልገባም አለች። ላንተም እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር።"

አላህ ያጽናችሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። ነፋሱ በዚያው ቅጽበት ተመለሰ። ሸራው ባንድ ጊዜ ወደኔ ዞረ፤ መቀመጫዬን ሳልቀይር ጀልባዋ ተገለበጠች፤ አፌን ጨው ሞላው። እሱ ኮሌታዬን ጨምድዶ ጎተተኝና የጀልባዋን ሆድ አስያዘኝ።

"ያዝ! እንዳትለቅ!" ይጮኽብኛል።

የሞተር ጀልባ መጥቶ አወጣን። ዳር ያሉት እየሳቁ አጨበጨቡልን፤ አንድ እንግሊዛዊ የወደቡ አለቃ ለተሸናፊዎቹ ብሎ የብስኩት ጣሳ ሰጠን።

እህቴ አልሳቀችም። ባሏን በሁለት እጇ ደረቱን ደበደበችው፤ ከዚያ ፊቴን አየች።

"ነገረህ?"

"ነገረኝ።"

"ለአባባ እንዳትነግራቸው።"

"ታዲያ ምን ልበላቸው?"

የረጠበ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። "ጥርስ አወጣች በላቸው።"

ጎባ ስገባ ከተማውን ጉም ውጦታል። አባቴ ከተኙበት ቀና ብለው ከኋላዬ በሩን አዩ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሲገባቸው ተመልሰው ጋደም አሉ። እህቴ ያለችኝን ነገርኳቸው።

"የላዩን ነው የታችኛውን?"

"የታችኛውን።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አምነውኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

አባቴ ገብሱ ሳይታጨድ አረፉ። ለለቅሶው የእህቴ ባል ብቻውን መጣ፤ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ሰነበተ። ሲመለስ እስከ ሮቤ ሸኘሁት። የጭነት መኪናው እስኪሞላ ብርድ ላይ ቆመን ስለ መንገዱ ጭቃ ብቻ አወራን።

"ሰላም በልልኝ" አልኩት።

"እሺ" ብሎ ተሳፈረ።

በኋላ ኤደን ሰላም አጣች፤ የምንጻጻፈው ደብዳቤም ተቋረጠ። እህቴን ዳግመኛ አላየኋትም።