ወረቀቱ የት ነው የወጣው?

ይህ የደረሰብኝ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ሆኜ ሳገለግል ነው። ጥር ላይ፣ የሴሚስተሩ ፈተና ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ያንን ከሰዓት ግን ልርሳው ብልም አልችልም።

መጀመሪያ የፈራሁት ለምን እንደሆነ ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ፈተና ቀድሞ ወጥቶ ተማሪው ሁሉ እንደገና እንዲፈተን ተደርጎ ነበር። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቃቸው አልቆ ስለነበር ሁለተኛውን የተፈተኑት በባዶ ሆዳቸው ነው። ፈተናውን ያባዛው መምህር ምንም ሳይረጋገጥበት ስሙ ጠፋ። ሰው ሲያየው ማንሾካሾክ ሲጀምር ከተማውን ለቆ ሄደ። በዓመቱ የማባዛቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ጥያቄዎቹ ያሉት ድሮ እዚያው ያስተምር የነበረ ሰው በሠራው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውጭ አይሠራም። የሚያውቀውም በጀርባው በወፍራም ገመድ የተሰካ ፕሪንተር ብቻ ነው። ያ ፕሪንተር ደግሞ በዚያው ሰሞን ጨርሶ ተበላሸ። ትምህርት ቤቱ በኔትወርክ የሚሠሩ ሁለት አዳዲስ ፕሪንተሮች ነበሩት፤ አንደኛው ተቆልፎ በሚውለው የፈተና ክፍል፣ ሌላኛው ከሜዳው ማዶ ባለው ሪከርድ ቢሮ።

ጠዋቱን ሙሉ ከዚያ ፕሮግራም ጋር ስታገል ዋልኩ። አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ አማርኛም እንግሊዝኛም ያልሆነ ምልክት ያወጣል። በመጨረሻ አታለልኩት ማለት ይቻላል። በፈተና ክፍሉ ፕሪንተር ላይ የሚታየውን የኔትወርክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቼ፣ ፕሪንተሩን በገመድ የተሰካ አስመሰልኩት። ለሙከራ አንድ ገጽ ላክሁ። የፈተናውን ክፍል ከፍቼ ሳይ ወረቀቱ ወጥቶ ተቀምጧል። ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ መጣ። እኛ ጋ የተለመደ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ኮምፒውተሩን አስነስቼ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና ላክሁ። «ታትሟል» አለኝ።

የፈተና ክፍሉን ስከፍት ግን ፕሪንተሩ ላይ ምንም የለም። ድምፅም የለም። ተመልሼ እንደገና ላክሁ። «ታትሟል።» ሄድኩ፤ የለም። ያ አሮጌ ፕሮግራም አመሉ ተነሳበት ብዬ፣ ተናድጄም ጭምር፣ ደጋግሜ ላክሁ።

በመጨረሻ ምናልባት ፕሪንተሩ ይሆናል ብዬ ትንሿን ስክሪኑን ነካካሁ። የኔትወርክ ቁጥሩ መጣ። ጠዋት ያየሁት ቁጥር አልነበረም።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የኔትወርኩ መሣሪያ ቁጥሩን እንደ አዲስ ስላደለ ፕሪንተሮቹ ቁጥር ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ታዲያ እኔ እስካሁን የላክሁት ሁሉ የሄደው ወዴት ነው? ሌላ ፕሪንተር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሪከርድ ቢሮ። በዚያን ቀን ደግሞ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሀገር አቀፉ ፈተና ስማቸው በትክክል መመዝገቡን ለማየት እዚያ ተሰልፈው ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን እንኳ መቆለፌን ያወቅሁት በኋላ ቁልፉን እጄ ላይ ሳገኘው ነው። ሜዳውን በሩጫ አቋረጥኩት። ጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀርቷል፤ አልተመለስኩም። የዚያ ስሙ የጠፋው መምህር ፊት ነበር የሚታየኝ።

ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል። ሁሉም ወደ ቢሮው በር አንገታቸውን አስግገዋል።   ገፋ አድርጌ ገባሁ።

የሪከርድ ሠራተኛዋ ዘሀራ የለችም። በእሷ ፈንታ ከፕሪንተሩ አጠገብ ወንበር ላይ አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ ተቀምጠዋል። ፕሪንተሩ አሁንም እያወጣ ነው። ቄሱ እያንዳንዱን ወረቀት ፊቱን ወደ ታች ገልብጠው ይቀበሉና ብድግ ብለው ከመቀመጫቸው ሥር ይከቱታል። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጡበታል።

«አባ፣ ወረቀቱ የኔ ነው፤ ይስጡኝ» አልኩ እያለከለክሁ።

«የኔ ያለኝ ብዙ ነው፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ያ በር ላይ ያለው ረጅሙ ልጅ ቲቸር ልከውኝ ነው አለኝ። ቲቸርህ እግር የላቸውም ወይ አልኩት።»

«እኔ ነኝ ቲቸሯ!»

«ትሆኛለሽ። ዘሀራ ግን ሰላት ሰግጄ እስክመጣ ቢሮውን ይጠብቁልኝ ብላኝ ነው የሄደች። እሷ ሳትመጣ ለማንም አልሰጥም።»

ለመንኳቸው። መታወቂያዬን ልፈልግ ብል ቦርሳዬ ማዶ ቀርቷል። በአንድ ጫማ፣ ላብ በላብ ሆኜ የቆምኩ ሰው አስተማሪ አልመስልም ነበር። ወደ ፕሪንተሩ ስጠጋ መቋሚያቸውን በፊቴ አጋደሙት። በኃይል አይደለም፤ ግን አላሳለፉኝም። በር ላይ አንድ ተማሪ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። «እሺ ሶኬቱን እንኳ ይንቀሉልኝ» አልኳቸው። አሰቡና ነቀሉት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዘሀራ ስትደርስ እንደዚያ ተፋጥጠን ነው ያገኘችን።

«አባ፣ ይቺ እኮ የኛው መምህርት ናት!»

ያን ጊዜ ተነሱ። ወረቀቱን ሰብስበው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ላዩ ላይ ፈተና የሚል አየሁ፤ ከዚያ ገለበጥኩት። አንድም ልጅ አልነካውም» አሉኝ። የፈተና ወረቀት ሳይሆን የሰው ሕይወት የተረከብኩ ያህል ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

አልቋል ብዬ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ተማሪዎቹን አስወጥቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ እዚህ ምን ጉዳይ ኖሮዎት ነው?»

«የሴት ልጄ ስም ተሳስቶ ተጽፏል ብለውኝ ላስተካክል።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ለካ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። «አስራ ሁለት» አሉ፤ ስሟንም ነገሩን።

ርእሰ መምህሩ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ሒሳብ ላይ የምትቸገር ልጅ ናት።

ዘሀራ ቱግ አለች። «ወላሂ፣ እኚህን ሰው ከጠረጠራችሁ ከዚህ ቢሮ እኔም እወጣለሁ! እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው!»

«አብሽሪ፣ ዘሀራ» አሏት ቄሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ፈተናውን ቀይሩት። እኔን ስለጠረጠራችሁ አይደለም። ነገ ልጄ ጥሩ ብታመጣ፣ አባቷ ተቀምጦበት ነበር ይላሉ። ያ በር ላይ ያለው ሁሉ አይቶኛል። በድካሟ ያገኘችውን ሰው እንዳያማባት ቀይሩት።»

 ርእሰ መምህሩ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው፤ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት።

የሒሳብ መምህሩን ከቤቱ አስጠርተን ሌሎች ጥያቄዎች አወጣን። ሪከርድ ቢሮ ያለውን ፕሪንተር ከነጭራሹ ከኔትወርኩ ነቅለን፣ አዲሱን ፈተና ዘሀራ ራሷ የፈተናው ክፍል ውስጥ ቆማ ተቀበለች። በማግስቱ ልጆቹ በሰላም ተፈተኑ። ስለ እኔ ክፉ ያወራ ሰው የለም።

የቄሱ ልጅ በዚያ ፈተና ለጥቂት አለፈች። ውጤቱ ከተሰጠ በኋላ ግቢ ውስጥ አገኘኋትና፣ «አባትሽ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው!» አልኳት።

ግራ ገባት። «አባቴን የት ያውቁታል፣ ቲቸር?»

«ስምሽን ሊያስተካክሉ የመጡ ቀን ነዋ። አልነገሩሽም?»

«ኧረ ምንም አላለኝ። ስምሽ ተስተካክሏል ብቻ ነው ያለኝ።»

ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። አባቷ ያልነገሯትን እኔ ምን ብዬ ልንገራት? «በርቺ» ብያት ሄድኩ።

ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። በዚያን ሰዓት መቋሚያቸውን በፊቴ ሲያጋድሙት በልቤ ምን እንዳልኳቸው እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቅ። አሁን ሳስበው ግን ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ለእኔም አለመስጠታቸው።