ማውሱን በጉያዬ ይዤ ጎሬ የወጣሁ ቀን

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የማውሱን ነገር ንገሪን» ማለት ከጀመሩ እስክነግራቸው ድረስ ዕረፍት የለም። ስንት ጊዜ ሰምተውታል! በቀደም ታላቅየዋ «ለምን አትጽፊውም?» አለችና ደብተር አቀበለችኝ። እኔ የትምህርት ቤትን ደጃፍ እንጂ ውስጡን አላውቀውም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼን አስጠናለሁ ብዬ አጠገባቸው ስቀመጥ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እንግዲህ ጥፋቱ የእነሱ ነው።

ያን ጊዜ ኮምፒውተር ከኋላው ትልቅ ሆድ ነበረው። ልጄ፣ የእነዚህ እናት፣ መቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራይታ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። እኔስ ባዶ እጄን እገባለሁ? ከሳሎኔ ባለመስታወቱን ጠረጴዛ አሸክሜ ወሰድኩላት። በላዩም በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አነጠፍኩ። ለስክሪኑ ዳንቴል፣ ለማተሚያው ዳንቴል፣ ለፎቶ ኮፒውም ሰፋ ያለ ዳንቴል። እኔ ቤት ሬዲዮ እንኳ ያለ ዳንቴል ተቀምጦ አያውቅም፤ ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ እኔን ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ የአንድ መምህር የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ስለ ንብ የተጻፈ ነው፣ ሰንጠረዡ አያልቅም። መምህሩ ቅዳሜ በጠዋት ጅማ ይዞት መሄድ አለበት፤ ካልደረሰ ምርቃቱ ለከርሞ ይተላለፋል። «ካደረስሽልኝ የትምህርት ቤታችንን መምህራን በሙሉ አመጣልሻለሁ» አላት። ባታደርስለት ምን እንደሚሆን አልተናገረም፣ ብቻ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሌላውን ጽሕፈት ቤት ቆም ብሎ አየት አደረገው። 

ረቡዕ ዕለት ማውሱ አበደ። ወደ ቀኝ ስትገፋው ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ ላይ ትዘላለች፤ ወደ ታች ስትስበው ጥግ ገብታ ታኮርፋለች።

«ዓይን ነው» አልኩ እኔ። «ማዶ ያሉት አይተውሽ ነው።»

ሥራውን አጠገቧ ሆኖ የሚከታተለው መምህሩ ማውሱን ገለበጠውና ከሆዱ የምትበራ ቀይ መብራት አሳየኝ። «እማማ፣ የድሮው ማውስ ኳስ ነበረው። ይሄ ግን ኦፕቲካል ነው፤ በዚች መብራት የተቀመጠበትን እያየ ነው የሚሄደው። የእርስዎ ዳንቴል ደግሞ ግማሹ ቀዳዳ ነው።»

«ታዲያ ቀዳዳ የሌለው ዳንቴል ምን ሊባል ነው? አቡጀዲ?»

ልጄ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ መስታወቱ ላይ ሞከረችው። ጭራሽ ንቅንቅ አልልም አለ። ከዚያ ደብተር አጥፋ ከሥሩ አደረገችለት፤ ሄደላት። እኔ ግን የተጨማደደ ደብተር ሳይ ደንበኛ ምን ይላል አልኩ። እሷ ዞር ስትል ደብተሩን አንስቼ ቀይ ከፋይ አነጠፍኩበት። ማውሱ ከፋዩ ውስጥ ሰጠመ። ሐሙስ ደግሞ ከቤት የበግ አጎዛ ይዤላት መጣሁ።

«እማዬ!» አለች ልጄ፣ አጎዛውን በሁለት ጣቷ አንስታ። «ማውስ ነው እኮ፣ አራስ አይደለም!»

እሷና መምህሩ ተያዩ። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እማማ፣ ለዚህ የሚሆነው ማውስ ፓድ የሚባል ምንጣፍ ነው። እሱ ደግሞ ጎሬ ነው የሚገኘው» አለ።

«መቱ የለም?»

«የለም!» አሉ ሁለቱም እኩል።

እኔ መንገድ ከተባልኩ እግሬ አይቀመጥም። ዓርብ ጠዋት ልጄ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠብቄ የማውሱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀልኩ። ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ቤት ጥሎ አይሄድም፤ ማውሱ ሳይለካ ምንጣፍ እንዴት ይገዛለታል? በጉያዬ አድርጌው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ገመዱ ከነጠላዬ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አየችው፣ አየችውና «እትዬ፣ ልብዎትን ነው? ሐኪም ነው ያሰረልዎት?» አለችኝ።

«የለም፣ ማውስ ነው።»

«እግዜር ይማርዎት» አለችና ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፣ አላረምኳትም።

ጎሬ ላይ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን አንድ ነጋዴ አለ አሉኝ። ሱቁ ቻርጀር በቻርጀር ነው። ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ኮፍያ አድርጓል። ማውሱን ከጉያዬ ሳወጣ ሳቁን በጢሙ ውስጥ ደበቀው።

«ሀርሜ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ይኸው ሦስት አለኝ፣ ይምረጡ።»

አንዱ ፒኮክ የተሳለበት ነው፤ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አንዱ እጅ የሚያርፍበት ትንሽ ትራስ አለው። ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ምንም የሌለበት። እኔ ጨርቅ መምረጥ እችልበታለሁ፤ ሳብኩ፣ አሸሁ፣ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ፣ ጫፉንም ነከስ አደረግኩ።

«ፒኮኩን ስጠኝ።»

«ኧረ ይሞክሩት መጀመሪያ» ብሎ ማውሱን ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ፒኮኩ ላይ ቀስቷ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ባለትራሱ ላይ ማውሱ ከትራሱ እየተጋጨ መዞሪያ አጣ። ጥቁሩ ላይ ግን ወዲያ ወዲህ፣ እንደ ውሃ!

«ጉራቻ ሂንበርባዱ!» አልኩ። ጥቁር አልፈልግም። «ልጄ ገና አዲስ ቤት ከፍታ ጥቁር ላንጥፍላት? ማን ሞተ ይሉኛል።»

«ሀርሜ፣ ለቅሶ ቤት እኮ አይደለም።»

«ሰው ሲገባ ምን ያውቃል?»

ዘፈን ሊያስጭኑ የመጡ ሴቶች ተሰብስበው ክርክሩ ውስጥ ገቡ። አንዷ ፒኮኩን ደገፈች፣ አንዷ ትራሱን። በመጨረሻ ሕፃን ያዘለችው «ጥቁሩን ይውሰዱና ዳር ዳሩን ይጥለፉት፤ ያኔ ሐዘኑ ይለቀዋል» አለች። እንዲህ ያለች አስተዋይ ሴት አይቼ አላውቅም። ቀይና ቢጫ ክር ገዛሁ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠልፍ፣ ከሞላም በኋላ እየነጠርኩ ስጠልፍ፣ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወግቼ መቱ ደረስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም እየሮጥኩ ገባሁ። ልጄ ስታየኝ ብድግ አለች። «እማዬ! ማውሱን ይዘሽው ነው እንዴ የሄድሽው?»

«ታዲያ ሳልለካው?»

መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ተጨንቆ መስሎኝ «አይዞህ» አልኩት። ልጄ ማውሱን ሰክታ ምንጣፌ ላይ አስቀመጠችው። አንዲት ሰንጠረዥ ቀርታ ነበር፤ እሷን ቀጥ አድርጋ ሠራቻትና ማተሚያው መትፋት ጀመረ። እኔ ቆሜ እልል አልኩ። መምህሩ ቅዳሜ ጅማ ሄደ፣ ተመረቀም። መምህራኑ እየተከታተሉ መጡ፤ ቤቱም እስካሁን ቆሟል። እኔም ያን ሁሉ ዓመት ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ ጎሬ ወጥቼ የመምህሩን ምርቃት እንዳተረፍኩ ስተርክ ኖርኩ።

ካቻምና ሁሩሙ ገበያ ማር ስቀምስ ያ መምህር አገኘኝ፤ ሸብቷል። እኔም አጠገቤ ለነበሩት ጀብዱዬን ጀመርኩ። እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለና ነገረኝ። ማውስ ፓድ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ካለው ሱቅ ሞልቶ ነበር። ጎሬ የላኩኝ ከአጎዛዬና ከከፋዬ ተገላግለው እንዲሠሩ ነው። ማውሱ አብሮኝ መሄዱን ሲያዩ ከዚያው ሱቅ አዲስ ገዙ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላም ሥራው አለቀ። እኔ ስመጣ አዲሱን መሳቢያ ውስጥ ደበቁት። ያቺ የቀረችው ሰንጠረዥም አልቃ ነበር፤ ልጄ በመስኮት መምጣቴን ስታይ ነው የእኔ ምንጣፍ ሥራ እንዲያገኝ ብላ ያጠፋቻት።