ከኋላዋ የጠራኋት ቀን

ለሽጉጥ ውድድር መጀመሪያ የሚገዛው ሽጉጥ አይደለም፤ ቀበቶ ነው። ይህን ያወቅኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ወፍራም፣ ድርብ ሆኖ የተሰፋ፣ የማይተጣጠፍ ቀበቶ ያስፈልጋል። በቀጭን ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ሽጉጥ ሲራመዱ ይወዛወዛል፤ ሲመዙት ደግሞ አፎቱም አብሮ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት አፎት የጨርቅ ነበር። ሽጉጡ ሲወጣ የአፎቱ አፍ ይከደናል። መልሶ ለማስገባት በሌላው እጅ መክፈት ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ በገዛ እጅህ ላይ ይዞራል። የተኩስ ዳኛው አየውና፣ "ምዜ፣ ይሄንን የመነጽርህ ማስቀመጫ አድርገው" አለኝ። ምዜ እዚህ ናይሮቢ ለሽማግሌ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። በሜዳው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ታጥቄ ሄድኩ።

እኔ ወታደር አልነበርኩም። ጄኔሬተር ጠጋኝ ነኝ። ፓርክላንድስ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ፤ ጊጊሪ ያሉ ቢሮዎች መብራት ሲጠፋባቸው ይጠሩኛል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ማኑዋልና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ በማንበብ ነው። ማኑዋሉን ሳያነብ የማሽን ክዳን የሚከፍት ሰው አልወድም። ሕግ የሚጻፈው አንድ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነውና፣ ያነበበ ሰው በሌላው ቁስል ይማራል። ይህን ለልጄ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ወደዚህ ነገር የገባሁት በእሷ ምክንያት ነው። ላቪንግተን ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለች ቤት እንኖራለን። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ባለቤቴና ልጄ ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተመልሰው ከታክሲ ወረዱ። ዘበኛው በሩን እስኪከፍት ሲጠብቁ ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል መጡ። አንደኛው ከኋላ ቀርቦ የልጄ ማጅራት ላይ ሽጉጥ ደቀነ። ስልክና ቦርሳ ወስደው ሄዱ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። የሰማ ሁሉ "ጌታ ይመስገን" አለን። እኔም አልኩ።

ልጄ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጣችም። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውን አቋረጠች። ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ የምትቀመጥባት አንዲት ወንበር ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ናት። ሰው ከኋላዋ ካለፈ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል። እናቷ ጸለየች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው አጽናኑ። እኔ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ለማውጣት ማመልከቻ ጻፍኩ። ለሚመለከታቸው ሰዎች "ቤተሰቤን ለመጠበቅ ነው" አልኳቸው። እውነቱ ሌላ ነበር፤ ሰው መግደል አምሮኝ ነበር። ይህንን ለፓስተራችን አልነገርኩትም፤ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሲያልቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የተኩስ ክበብ ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደረገው ውድድር በተራ ኑሮ ሊደርስ የሚችል አደጋን አስመስሎ የሚዘጋጅ ነው፤ በር፣ ጠረጴዛ፣ በርሜል ያቆማሉ፣ የካርቶን ዒላማ ይተክላሉ፣ አንድ ዳኛ ከተኳሹ ትከሻ ሥር ሆኖ ይከተላል። እኔ ቂሜን ይዤ ሄጄ፣ ያገኘሁት ግን በአብዛኛው "አታድርግ" የሚል ትምህርት ነበር። አትምዘዝ፣ አትዙር፣ ጣትህን ቃታ ውስጥ አታስገባ። ጥሩ ትምህርት ነው።

አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ በባዶ ሽጉጥ መምዘዝ ስለማመድ፣ ከወጥ ቤት በኩል ድምጿ መጣ።

"አባዬ፣ ትከሻህን ታነሳለህ።"

"ምን?"

"ስትመዝ። መጀመሪያ ትከሻህ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እጅህ ይዘገያል። ኤቭሪታይም።"

ለካ በተከፈተው በር ስታየኝ ከርማለች። ከዚያ፣ "እኔ ልሞክረው?" አለችኝ። በእነዚያ ሁሉ ወራት ከእኔ የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። እምቢ ማለት እንደነበረብኝ የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ። ወንበሯን ስላላዩ ነው።

የእሷም ፈቃድ እስኪወጣ ብዙ ጠበቅን። በዚህ መሃል አንድ ደብተር ገዝቼ የውድድሩን ደንብ በአማርኛ ጻፍኩላት።

"አባዬ፣ ኢንግሊሹን ባነበው አይቀለኝም?"

"በአማርኛ ያነበብሽው አጥንት ውስጥ ይገባል።"

"በዚህ ጽሑፍህማ አጥንቴን ይሰብረዋል እንጂ አይገባም" ብላ ሳቀች። ሳቋን ረስቼው ነበር።

ደብተሩ ውስጥ እንዲህ ይላል። ዳኛው ሳያዝሽ ሽጉጥ ከአፎት አይወጣም። ዒላማ ላይ እስካላነጣጠርሽ ድረስ ጣትሽ ከቃታው ውጭ፣ በብረቱ ጎን ተዘርግቶ ይቆይ። ስትራመጅም፣ የጥይት ካዝና ስትቀይሪም፣ ስትወድቂም አፈሙዙ ጥይቱን ወደሚያስቀረው የአፈር ግድብ ይመልከት፤ ከትከሻሽ መስመር ወደ ኋላ ካለፈ ያን ቀን ተሰናበትሽ። ልምምድ ላይ ካልሆነ በቀር ተመልካች ለተኳሽ አይናገርም። የመጨረሻውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

በቤታችን ደግሞ ያልተጻፈ ሌላ ደንብ ነበር። እዚህ የሚያድጉ ልጆች ሲጠሩ ከተቀመጡበት "ዋት?" ይላሉ፤ ፊታቸውን ከስልክ አያነሱም። እኔ ይህንን ከቤቴ አላስገባም ብዬ ማልኩ። አባት ሲጠራ የያዙትን ይዞ መዞር ነው፤ ፊት ለፊት እያዩ "አቤት" ማለት ነው። ጀርባ ሰጥቶ መመለስ ንቀት ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን እያየች ሳትዞር መለሰችልኝ። ቴሌቪዥኑን ለአንድ ወር አጠፋሁት። ሁለተኛ አልደገመችውም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ "ናይሮቢ ያደገች አትመስልም" ይሉኝ ነበር። እኮራ ነበር።

ለመጀመሪያ ውድድሯ ዕቃዋን አንድ በአንድ ያሟላሁት እኔ ነኝ። ቀበቶ፣ ጠንካራ አፎት፣ ሦስት ካዝናና ማስቀመጫቸው፣ ከጎን የሚጋርድ መነጽር፣ የማያንሸራትት ጫማ። ሽጉጡ በልብስ ተሸፍኖ መጀመር አለበትና ሰፊ ሰደርያ ያስፈልጋል። እናቷ ከወርክሾፔ ሦስት ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የሚገባውን የብረት ቀለበት፣ አስመጥታ የሰደርያው ጫፍ ውስጥ ሰፋችላት፤ ክብደቱ ልብሱን ወደ ኋላ ወርውሮ እጇን ነጻ እንዲያደርግላት። እናቷ ስለ ሽጉጥ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ሮንዴላዎቹን ግን ሰፋች።

የጆሮ መከላከያው ነገር አስቸገረ። ተራው ድምፅን ሁሉ ይደፍናል፤ ልጄ ደግሞ ከኋላዋ ያለውን ካልሰማች መቆም አትችልም። ክበቡ ውስጥ የማውቃቸው አንድ የፓርክላንድስ ቅመም ነጋዴ፣ "ባትሪ ያለውን ውሰድላት፤ ተኩሱን ይዘጋል፣ የሰው ድምፅ ግን ያጎላል" አሉኝ። ገዛሁላት። ቤት ውስጥ አድርጋው፣ እናቷ ከሌላ ክፍል ስታንሾካሹክ ሰምታ ደነቃት።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ቀይ አፈር በሦስት በኩል ተቆልሏል። የዚያ ቀን አዘጋጆች ያሰናዱት ትዕይንት እንዲህ የሚል ነበር፦ ከቤትህ በር ላይ ቆመህ በሩ እስኪከፈት ስትጠብቅ ዘራፊዎች ይመጡብሃል። የእንጨት በር አቁመዋል፤ ከበሩ ወዲያ ሦስት የካርቶን ሰዎች አሉ። ልጄ የትዕይንቱን ወረቀት አንብባ ወደ እንጨቱ በር ቀና አለች። ዳኛው፣ የመነጽሩን ቀልድ የቀለደብኝ ያው ሰውዬ፣ "እህቴ፣ ይለፈኝ ካልሽ ይለፍሽ" አላት።

"ኖ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ "ያኔ ከኋላዬ ነበሩ። ዛሬ ከፊቴ ናቸው" አለች።

ጫኚ ተባለች፤ ጫነች። ተዘጋጅተሻል ተባለች፤ ራሷን ነቀነቀች። የዳኛው ሰዓት ጮኸ። ሰደርያው ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ትከሻዋ አልተነሳም። ሁለት ጥይት የመጀመሪያው ደረት ላይ። ወደ በርሜሉ ጀርባ ሄደች፤ ካዝና ቀየረች፤ አፈሙዟ ከግድቡ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ጥይት ሁለተኛው ላይ። ወጥ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠችዋ ልጅ አልነበረችም። ከኋላ፣ ከገመዱ ወዲህ፣ እኔ እንባዬ እየመጣ ነበር።

ሦስተኛው ዒላማ ዝቅ ብሎ በበሩ ግራ ተደብቋል። አላየችውም። ወደ ቀኝ ማለፍ ጀመረች። ሊያመልጣት ነው። ያመለጠ ዒላማ ቅጣት አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ እንዲቀርላት አልፈለግኩም። እድሜ ልኬን ስሕተት አይቼ አፌን ይዤ አላውቅም። የቤት ስሟን ጠርቼ ጮኽኩ።

ያ የገዛሁላት የጆሮ መከላከያ ድምፄን አጉልቶ አደረሰላት።

ዞረች። እንዳሳደግኳት፣ የያዘችውን እንደያዘች፣ በሙሉ ሰውነቷ ዞረች። ሽጉጡ በሁለት እጇ ደረቷ ፊት ነበር። አፈሙዙ የበሩን እንጨት አለፈ፣ የዳኛውን ሆድ አለፈ፣ መጥቶ እኔ ላይ ቆመ። ያችን ጥቁር ቀዳዳ አየኋት። ከላይዋ የልጄ ዓይኖች ነበሩ።

"አቤት፣ አባዬ" አለች።

ጎኔ የቆሙት ሰዎች መሬት ላይ ተደፉ። ዳኛው "ስቶፕ!" ብሎ ክንዶቿን ይዞ ወደ ግድቡ መለሳት። ጣቷ ቃታው ውስጥ አልነበረም፤ በብረቱ ጎን ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ነበር። ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያ ጣት ምክንያት ነው።

ካዝናውን እንድታወጣ አዘዛት፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አሳየችው፤ ወደ አፎቱ መለሰችው። ከዚያ ከውድድሩ እንዳሰናበታት ነገራት። እኔ ገመዱን አልፌ ሄድኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት። "የጠራኋት እኔ ነኝ። እኔን ቅጣኝ።"

"ምዜ፣ አንተንም ዛሬ ከዚህ ሜዳ አስወጥቼሃለሁ" አለኝ። "እሷ ግን ሽጉጡን ይዛ ነበር። ደንቡ የሚያውቀው የያዘውን ነው። ለምን ዞረች?"

ምን ብዬ ላስረዳው? ጨዋ ስላደረግኳት ነው ልበለው? የቅመም ነጋዴው ልብሳቸውን ከአፈር እያራገፉ አለፉ፤ ሁልጊዜ የሚቀልዱት ሰው አልቀለዱም።

በመኪና ስንመለስ ቤት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ተናገረች።

"የዚያን ሰውዬ ፊት አላየሁትም፤ ከኋላዬ ነበረ። እሱም የኔን አላየም። ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ዛሬ አየሁ። ያንተ ነበር።"

በሩ ጋ ስንደርስ፣ እንደ ወትሮው፣ ዘበኛው ከፍቶ መኪናው ግቢ እስኪገባ ድረስ አልወረደችም።

ቀበቶውን ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከዚህ በፊት የምትፈራው ሰው ነበር፤ አሁን ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ የገዛ እጇን ትፈራው ጀመር። እናቷ አልወቀሰችኝም። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ብቻ፣ "ለልጅ መታዘዝን ስታስተምር መቼ አለመታዘዝ እንዳለባትም ማስተማር ነበረብህ" አለችኝ። ማኑዋል ውስጥ አንብቤው ቢሆን ኖሮ አምነው ነበር፤ ከሚስቴ አፍ ስለመጣ ተቆጣሁ። ወጥቼ ወርክሾፕ ስደርስ ግን ልክ መሆኗን አወቅኩ።

ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም፤ አባቴም ጠይቆኝ አያውቅም። የማውቀው መጻፍ ነው። ደብተሩን አውጥቼ ከደንቦቹ ሁሉ ሥር፣ "አባትሽ ከኋላ ቢጠራሽ አትዙሪ። ይህን ደንብ ያዘገየው አባትሽ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገልጬ ተውኩላት። ማታ ስመለስ ደብተሩ ተዘግቶ ቦታው ተመልሷል።

ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰደርያዋን ለብሳ፣ ቀበቶዋን አጥብቃ ከክፍሏ ወጣች። የጀማሪዎችን የጥንቃቄ ፈተና እንደገና ልትወስድ ነው። ሜዳው ላይ እሷን ለመፈተን የሚፈቅድ ዳኛ መኖሩን ደውላ ራሷ ጠይቃለች።

"ላድርስሽ?" አልኳት።

"ታክሲ ጠርቻለሁ። አንተ እዚሁ ሁን፣ አባዬ።"

ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ዘበኛው ሊከፍት ሲነሳ በእጇ ተቀመጥ አለችው። ከአጥሩ ውጭ የሞተር ሳይክል ድምፅ አለፈ፤ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ ከቤቱ ደጃፍ ሆኜ አየሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ የቤት ስሟን ጠራ።

አልዞረችም።

"አቤት" አለች ለበሩ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትመልስልኝ ከዚያች ቴሌቪዥን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ደሜ ፈላ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

"ምንም" አልኳት። "ሂጂ።"

ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።