ከቀሚሷ ስር ያሰርኩት ብረት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን ነገር በአፌም ለማንም አልተናገርኩትም፤ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

እትዬ ሉባባ መርካቶ ውስጥ በርበሬ ይነግዳሉ። ከወሎ አምጥተው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዘሃራ በሰባት ዓመቷ የደም ነቀርሳ ሲይዛት እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሆስፒታል የሚያያት ፈረንጅ ሐኪም እንክብሉን የሚያዝላት በክብደቷ ልክ ነበር። «መድኃኒቱን የምትችለው ከበላች ነው፤ እንቁላልና ወተት አይለያት» ብሎ በነርሷ አስተረጎመ። እትዬ ሱቅ ስለሚውሉ አደራውን ለእኔ ሰጡኝ።

እንክብሉ አፏን አቁስሎት ይሸት ነበር። የጎረሰችውን ከደም ጋር እጄ ላይ ትተፋዋለች። ተጸየፍኳት። አዎ፣ እኔ የታመመች ሕፃን ተጸየፍኩ። ሁለት ማንኪያ ካቀመስኳት በኋላ የቀረውን እኔ በላሁት። ርቦኝ ነበር? አልራበኝም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ እንዲታይ ብዬ ነው።

እትዬ ሲገቡ «በላችልኝ?» ይሉኛል።

«በላች» እላለሁ። ዘሃራ ከተኛችበት ታየኛለች።

«አንቺን እንኳ ተስማምቶሻል፤ ጉንጭሽ ሞላ» ብለው ይስቃሉ።

ቀጠሮዋ ሲደርስ ጨነቀኝ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ጉዴ ሊታወቅ ነው። ከሱቁ ሁለት ባለ ኪሎ የሚዛን ብረት ወሰድኩና ከቀሚሷ ስር በመቀነት ሆዷ ላይ አሰርኩላት። ብርድ እንዳይመታት ልብሷን አያስወልቋትም ነበር። እነዚያ ቀጫጭን እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ሚዛኑ ላይ ቆመች።

«ጎሽ፣ ጨምራለች» አለች ነርሷ።

ሐኪሙም እንክብሉን ጨመረላት። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንዲሁ አደረግኩ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው ልበል? ዓይን አፋርነት ብረት አያስርም። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አፏ ጨርሶ ተላጠ፤ ውሃ እንኳ አልወርድ አላት። የገደላት በሽታው ይሁን መድኃኒቱ አላውቅም። አለማወቄ አያነጻኝም። እትዬን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም።

በሞተችበት ዕለት ጠዋት ወተት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ቀን አልተጸየፍኳትም። አንድ ማንኪያ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ጠጪው፣ እታለም። ለእማዬ ጠጣች በያት።»