ከሚካኤል ግርጌ የፈለቀው ውሃ

የቄስ ወልደ ሐዋርያት ድምፅ ድሮ ከሚካኤል ደጅ ተነሥቶ ማዶ ያለው ቀበሌ ይደርስ ነበር። በሰቆጣ በኩል ባለችው ዝቋላ እንዲህ ያለ ጉሮሮ የለም እየተባለ በየተዝካሩና በየሰርጉ ይወራላቸው ነበር። ዝናቡ ሁለት ዓመት ከቀረ ወዲህ ግን ያ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። ሰው ሁሉ ጾሙና ረኃቡ ነው አለ። እውነቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማለዳ ምህላ ቆመው፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው «እግዚኦ» ሲሉ፣ ወዲያ በላይ የሚሰማቸው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ፍየሎቻቸው አንድ በአንድ ሲያልቁ እምነታቸውም አብሮ አለቀ።

ታዲያ ይህን ለማን ይንገሩት? ሕዝቡ እሳቸውን ይዞ ነው የቆመው። ስለዚህ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ አገሩን አስከትለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይዞራሉ። ባለቤታቸው ለተጊዮርጊስ አንድ ቀን «ጉሮሮዎን አመመዎት እንዴ?» ብላ ብትጠይቃቸው «ብርድ ነው» አሏት። በዝቋላ ሙቀት! ለተጊዮርጊስም ጋቢ ደረበችላቸው።

እንዲህ እንዳሉ ነው እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጧት ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ከደረቁ ወንዝ ውስጥ ጩኸት የተሰማው።

«አቊ! አቊ! ኑ ውረዱ፣ አቊ!»

እማማ ዓይናዲስ ናቸው። እኚህ ባልቴት ሲደነግጡም ሲደሰቱም አማርኛው ድራሹ ይጠፋቸውና በኽምጣኛ ነው የሚጮኹት። አቊ ማለት ውሃ ነው፤ የዚያን ዕለት አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም። አገር እንዳለ ወደ ወንዙ ተንደረደረ! ጀሪካን ያነሣ፣ ጫማውን የረሳ፣ ማበጠሪያዋ ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ የመጣች፣ ማን ቀረ? የእማማ ዓይናዲስ ሁለት ፍየሎች ከአንድ አለት ሥር አንነሣም ብለው አሸዋ ሲጭሩ፣ እሳቸው ሊያባርሯቸው ሄደው አሸዋው እርጥብ ሆኖ ቢያገኙት ዶማ አምጥተው ቆፈሩት። ክንድ ያህል እንደወረዱ ከአለቱ ስንጥቅ ጥርት ያለ ውሃ ኩልል ብሎ ወጣ።

ከሁሉ ቀድሞ የተንበረከከው ሙሉሰው ነበር፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር። ዓይኑ ከታመመ ቆይቷል። ሰቆጣ በሄደ ጊዜ ያየው ሐኪም ቅባት ሰጥቶት «ፊትህን በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ታጠብ» ብሎት ነበር፤ ውሃው ከየት ይምጣ! አሁን በሁለት እጁ እየዘገነ ፊቱን አጠበ፣ ደጋግሞ አጠበ፤ ተጣብቆ የከረመው ሽፋሽፍቱ ተላቀቀና ብድግ አለ።

«አየሁ! እናንተ ሰዎች፣ አየሁ! ጠበል ነው! ሚካኤል ጠበል አፈለቀልን!»

እልልታው አገሩን አናወጠው። ቄስ ወልደ ሐዋርያት አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰምቶ ኖሯል!» አሉ በልባቸው፤ «ያን ሁሉ ጊዜ እየሰማን ኖሯል!» ከደስታቸው ብዛት መሳቅና ማልቀስ ተምታታባቸው።

ጠበል ከሆነ ደግሞ ደንቡ የታወቀ ነው። ጫማ ተወልቆ፣ ምግብ ሳይቀመስ ነው የሚገባበት፤ ልብስ አይታጠብበትም፤ ከብት አይጠጣውም። ጎረምሶቹ ጊዜ አልፈጁም፤ የግራር እሾህ ቆርጠው ዙሪያውን አጠሩት። ውሃውን ያገኙትን ሁለቱን ፍየሎች በድንጋይ አባረሯቸው። የውሃው ሽታ ከተራራው የጠራቸው የሰፈሩ ፍየሎች ሁሉ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ይንጫጩ ጀመር። ሌላ ውሃ ያለው ሩቁ ተከዜ ላይ ነው፤ ተከዜ ድረስ በእግሩ የሚደርስ ፍየል ግን አልቀረም።

«አባ፣ ይባርኩትና ጠበል ነው ብለው ያውጁልን» አለ ሙሉሰው፣ ዓይኑ እየበራ። «ከሰቆጣ ሕዝቡ መኪና በመኪና ይመጣል!»

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ተነሡ። ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩ። ጠበል ቢሆን ከማንም በላይ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው፤ ሁለት ዓመት የጎደላቸው ምልክት በእጃቸው ገባ። ውሃ ነው ቢሉ ግን ያቺ ገና አሁን የተመለሰች እምነታቸው ተመልሳ የምትሄድባቸው መሰላቸው። ደግሞስ ሙሉሰውን ያዳነው መልአኩ ነው ወይስ ፊቱን መታጠቡ? ይህን ሲያስቡ አንዲት ግልገል በእሾሁ መሐል ሾልካ ገብታ እርጥብ እጃቸውን ትልስ ጀመር። ምላሷ ደረቅ ነበር።

«እማማ ዓይናዲስ» አሉ ድንገት፣ «ምህላ ስንቆም እርስዎ ምን ብለው ነበር የሚለምኑት?»

«እኔማ ግዕዙን የት አውቄው አባ! አቊ ስጠን ነው የምለው።»

«ጠበል ስጠን ብለው ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ውሃ ነው እንጂ። ለእኛም ለፍየሎቹም።»

«ሰማችሁ?» አሉ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ውሃ ለመንን፤ ውሃ ሰጠን! አሁን አጥረን ብንከለክለው እኮ የለመንንህን አልሰጠኸንም ማለታችን ነው።»

«የኔ ዓይንሳ?» አለ ሙሉሰው።

«ነገም ና ታጠብ፤ ከነገ ወዲያም ታጠብ። እሱስ ምሕረት አይደለም?»

ሙሉሰው ፊቱ ተለዋወጠ። «እርስዎ አያምኑም ማለት ነው?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄስ ወልደ ሐዋርያት መሸሽ ይችሉ ነበር፤ አልሸሹም።

«አላምንም ነበር» አሉ። «እናንተን እየመራሁ ስትለምኑ፣ እኔ የሚሰማ የለም እል ነበር። እናንተ ለመናችሁ፣ ለኔም ተረፈኝ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ምን ተአምር ልፈልግ?»

መልስ አልጠበቁም። በባዶ እጃቸው እሾሁን ይዘው ይጎትቱት ጀመር፤ መዳፋቸው ደማ። እማማ ዓይናዲስ ተከተሏቸው። ከዚያ ጎረምሶቹ፣ በመጨረሻም ሙሉሰው ራሱ፣ እያጉረመረመ። አጥሩ ሲፈርስ ፍየሎቹ በሰው እግር መሐል እየተጋፉ ገቡ፤ ቄሱን ገፍትረው ከነጥምጥማቸው ውሃው ውስጥ ጣሏቸው። ቄስ ወልደ ሐዋርያት እዚያው በፍየሎቹ መሐል ተንበርክከው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ መስቀላቸውን አንሥተው «እግዚኦ!» አሉ።

ለተጊዮርጊስ እግሯን አሟት ስለነበር አልወረደችም፤ ከኮረብታው ላይ ደጇ ተቀምጣ ጆሮዋን አቁማ ነበር። ያ «እግዚኦ» ከታች ተነሥቶ፣ በራሷ ላይ አልፎ፣ ማዶ ገደሉን መታና ተመልሶ መጣ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የማን እንደሆነ ወዲያው ለየችው።

«እሰይ!» አለች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ብርዱ ለቀቃቸው።»